ከስም በፊት ኢኒንግ፦ በሲሙሌሽን ቤዝቦል የፒቸሮችን ተራና የቡድኑን ስብስብ ስለማዋቀር

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ የመንገዱን መጨናነቅ ታግሳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤዝቦልን የተዋወቅነው በልጆቻችን በኩል ነው። ልጆቹ ሜዳ ሲሄዱ አብረን ሄድን፣ ሲያጨበጭቡ አጨበጨብን፣ ቀስ በቀስም ጨዋታው የእኛም ሆነ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ደግሞ አንድ እርምጃ አልፈው ሲሙሌሽን ቤዝቦል ውስጥ ገብተዋል። የዛሬው ንግግሬ በተለይ የመጀመሪያ ቡድናቸውን ለሚያዋቅሩት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ሲሙሌሽን ቤዝቦል በእውነተኛው ሊግ የተጫወቱ ሰዎች በአንድ የውድድር ዘመን ያስመዘገቡት ውጤት ወደ ዕድል ቁጥር ተለውጦ፣ በካርድና በዳይስ ወይም በኮምፒውተር እንደገና የሚካሄድ ውድድር ነው። ዳንኤል ኦክረንትና ጓደኞቹ በ1980 ኒውዮርክ ውስጥ ከጀመሩት ሮቲሰሪ ከሚባለው ፋንታሲ ይለያል። በሮቲሰሪ ውጤታችሁ የሚሰላው እውነተኛው ተጫዋች በሜዳ ላይ ከሚያስመዘግበው ቁጥር ነው፤ እናንተ ታያላችሁ እንጂ ጨዋታው ውስጥ አትገቡም። በሲሙሌሽን ግን ጨዋታው ራሱ ይካሄዳል። ኳስ ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ሲደክም የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ። ከኋላው ያቆማችሁት ተከላካይ ደካማ ከሆነ ኳሷ ታመልጠዋለች፤ ነጥቡም የሚቆጠረው በቡድናችሁ ላይ ነው።

ሃል ሪችማን በ1961 ለገበያ ያቀረበውን ስትራት-ኦ-ማቲክን እንመልከት። ለእያንዳንዱ ምት ሦስት ዳይስ ይጣላል። የአንደኛው ዳይስ ቁጥር 1፣ 2 ወይም 3 ከሆነ ውጤቱ ከመቺው ካርድ ላይ ይነበባል፤ 4፣ 5 ወይም 6 ከሆነ ከፒቸሩ ካርድ ላይ። የቀሩት የሁለቱ ዳይሶች ድምር በዚያ ካርድ ላይ የትኛው መስመር እንደሚነበብ ይወስናል። ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ ያለው በመቺዎቹ ካርዶች ላይ ነው፤ ሌላው ግማሽ በፒቸሩ። ቡድናችሁ ሲመታ ያ አንዱ ግማሽ ለዘጠኝ መቺዎች ይከፋፈላል፤ ለአንድ መቺ የሚደርሰው ከአሥራ ስምንት አንድ ወይም 5.6 በመቶ ያህል ነው። ተጋጣሚያችሁ ሲመታ ግን ሌላው ግማሽ ሙሉ በሙሉ የአንድ ሰው፣ የፒቸራችሁ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ገንዘቡን በታላላቅ ፒቸሮች ላይ ሊያፈስ ይነሳል። ነገር ግን መቺው በየቀኑ ይጫወታል፣ ፒቸሩ በአምስት ቀን አንዴ ብቻ። በዓመት 217 ኢኒንግ (ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች ሦስት ሦስት ሰው እስኪወጣባቸው ድረስ በየተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል ነው) የሚወረውር ፒቸር ከቡድኑ ኢኒንግ 15 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል፤ በካርዱ የሚወሰነው የዚያ ግማሽ ስለሆነ ድርሻው ወደ 7.4 በመቶ ይወርዳል። ከአንድ ጥሩ መቺ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ለዚህ ነው ስለ ፒቸሮች ስናስብ ከስም በፊት ኢኒንግ እንቁጠር የምለው።

አንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ነው፤ አንዱ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ። ስታባዙት 1,458 ይመጣል። አንዳንድ ጨዋታ ከዘጠኝ ኢኒንግ ያልፋል፤ በእንግድነት ተጫውታችሁ ስትሸነፉ ደግሞ ባለሜዳው በመጨረሻው ኢኒንግ መምታት ስለማያስፈልገው ፒቸራችሁ ስምንት ብቻ ወርውሮ ይገባል። አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ለእነዚህ 1,458 ኢኒንጎች በእያንዳንዳቸው ኳስ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በብዙ የኮምፒውተር ሊጎች አንድ ፒቸር በእውነተኛው ዘመኑ 180 ኢኒንግ ወርውሮ ከሆነ እናንተም የምታገኙት ከዚያ ብዙም የማይርቅ ነው። ከዚያ በላይ ስትገፉት ይደክማል፤ የደከመ ፒቸር ደግሞ የገዛችሁት ሰው አይደለም። ገበሬ ጎተራውን የሚመዝነው እስከሚቀጥለው መኸር ያደርሰኛል ወይ ብሎ እንደሆነ ሁሉ፣ የፒቸር ስብስብም የሚመዘነው እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያደርሳል ወይ ተብሎ ነው።

ደጋግሜ የማየው ችግር ይህን ይመስላል። አሰልጣኙ እያንዳንዳቸው 180 ኢኒንግ ያላቸውን አምስት ግሩም ከፋች (ጨዋታውን የሚጀምሩ) ፒቸሮች ይገዛል፤ 900 ኢኒንግ ሆነ። ቀጥሎ ስማቸው የገነነ፣ ጨዋታ ዘግተው የሚወጡ፣ 60 60 ኢኒንግ ያላቸውን አምስት ተተኪዎች ይጨምራል፤ 300። ድምሩ 1,200 ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ያስጎመጃል፤ ግን 258 ኢኒንግ ጎድሎታል፣ ይህም ወደ 29 ሙሉ ጨዋታ ነው። ሊጉ ሲጀመር ማንም አይበልጠውም። ኦገስት ላይ ፒቸሮቹ አንድ በአንድ ይደክማሉ፤ አሰልጣኙም ኮምፒውተሩ አጭበረበረኝ ይላል። ኮምፒውተሩ ግን የሠራው መደመር ብቻ ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። የጎደሉት 258 ኢኒንጎች በደከሙ ሰዎች ተሞልተው በየዘጠኙ ኢኒንግ ሁለት ተጨማሪ ነጥብ ቢቆጠርባችሁ፣ በዓመቱ 57 ነጥብ ይሆናል። የቤዝቦል ቁጥሮች ተንታኙ ቢል ጄምስ ያስቆጠሩትን ነጥብ በራሱ አባዝቶ፣ ለእርሱና ለተቆጠረው ነጥብ ካሬ ድምር በማካፈል የድል መጠን የሚገመትበትን ቀመር ሰጥቶናል። 700 ነጥብ የሚያስቆጥርና 600 የሚቆጠርበት ቡድን በዚህ ቀመር 93 ጨዋታ ያህል ያሸንፋል። የሚቆጠርበት 650 ከሆነ ወደ 87 ይወርዳል። ኀምሳ ነጥብ ስድስት ድል ወሰደ፤ በብዙ ሊጎች ወደ ፍጻሜው ውድድር በማለፍና ባለማለፍ መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና እንዲህ አድርጉ። ለከፋቾቻችሁ 210፣ 200፣ 190፣ 170 እና 150 ብላችሁ መድቡ፤ ድምሩ 920። ለዘጊው 70። ለሁለት አስተማማኝ ተተኪዎች 80 80። ከፋቹ በሦስተኛው ኢኒንግ ሲመታ ገብተው ረጅም ሰዓት ለሚወረውሩ ሁለት ሰዎች 110 110። ለሁለት የመጨረሻ ሰዎች 45 45። ጠቅላላው 1,460 ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው፣ ሙሉ ዓመት። ቁጥሮቹን እንደ ሊጋችሁ ደንብ ቀይሯቸው፤ ድምሩን ግን አትልቀቁት። በእኔ ግምት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚናቁትና ከሁሉ በላይ የሚጠቅሙት እነዚያ 110 ኢኒንግ የሚወረውሩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ታላላቆቹ እንምጣ፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። የሁሉም ዘመን ተጫዋቾች በሚቀላቀሉበት ሊግ አንድ ከፋች ብቻ የመምረጥ ዕድል ቢሰጣችሁ ፔድሮ ማርቲኔዝን ትወስዳላችሁ ወይስ ቦብ ጊብሰንን?

ጊብሰን በ1968 ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 304 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ ወረወረ። በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የተቆጠረበት 1.12 ነጥብ ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስት ጨዋታ ያለ አንዳች ነጥብ ዘጋ። ፔድሮ በ2000 ለቦስተን ሬድ ሶክስ 217 ኢኒንግ ወርውሮ አማካዩ 1.74 ነበር። እንዲሁ ሲታይ ጊብሰን ይበልጣል፤ አማካዩ ያንሳል፣ ኢኒንጉም ይበዛል።

ነገር ግን 1968 መቺዎች የተጨነቁበት ዓመት ነበር። በናሽናል ሊግ አማካዩ ወደ 3 ወርዶ ስለነበር በሚቀጥለው ዓመት ፒቸሩ የሚቆምበት ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ዝቅ ተደረገ። በ2000 ግን መቺዎች የነገሡበት ጊዜ ነበር፤ በአሜሪካን ሊግ አማካዩ ወደ 4.9 ይጠጋል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ተራ ፒቸር በዚያው ሊግ፣ በዚያው ኢኒንግ ስንት ይቆጠርበት ነበር የሚል መሆን አለበት። በጊብሰን ቦታ ተራ ሰው ቢቆም 101 ነጥብ ያህል ይቆጠርበታል፤ በጊብሰን የተቆጠረበት 38 ነው። 63 ነጥብ አተረፈ። በፔድሮ ቦታ ተራ ሰው ቢቆም 118 ያህል ይቆጠርበታል፤ በፔድሮ የተቆጠረበት 42 ነው። 76 ነጥብ አተረፈ፤ ያውም በ87 ኢኒንግ ባነሰ ሥራ።

ታዲያ ፔድሮ ሊባል ነው? ቆዩ። ጊብሰን ወርውሮ ፔድሮ ያልወረወራቸውን እነዚያን 87 ኢኒንግ ማን ይወረውራቸዋል? የደመወዝ ጣሪያ ባለበት ሊግ ገንዘባችሁን ለፔድሮ ከከፈላችሁ በኋላ የሚተርፋችሁ ከአማካይ በታች የሆነ ሰው ነው። ያ ሰው ከአማካዩ በየዘጠኙ ኢኒንግ አንድ ነጥብ ቢብስ በ87 ኢኒንግ ወደ አሥር ነጥብ ይወስድባችኋል። የፔድሮ 76 ወደ 66 ወረደ፤ የጊብሰን ደግሞ 63 ነው። በ32 ዓመት ልዩነት፣ በማይመሳሰል ዘመን የወረወሩ ሁለት ሰዎች ለቡድናችሁ የሚያስገኙት ጥቅም በሦስት ነጥብ ብቻ ይራራቃል! ስለዚህ ምርጫው በቀረው ስብስባችሁ ላይ ይንጠለጠላል። ጥልቅና ርካሽ ተተኪዎች ካሏችሁ ፔድሮን ውሰዱ። ተተኪዎቻችሁ ስስ ከሆኑ ጊብሰን ይሻላችኋል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ጨዋታው ዘመንን ከዘመን ጋር የሚያስተካክል ከሆነ ነው። የማያስተካክል ከሆነ የጊብሰን ቁጥር እንዳለ ይሠራል፤ ያኔ አትከራከሩ፣ ጊብሰንን ያዙ። የሊጋችሁን ደንብ ከተጫዋቾች ዝርዝር በፊት አንብቡ የምለው ለዚህ ነው። በሚያስተካክል ሊግ ደግሞ የጥንቶቹ ፒቸሮች ሲያማልሉ ተጠንቀቁ። ኤድ ዋልሽ በ1908 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ 464 ኢኒንግ ወርውሮ አማካዩ 1.42 ነበር። ከዓመቱ ኢኒንግ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ብቻውን ይሸፍናል። ሆኖም የዚያ ዓመት የሊጉ አማካይ ራሱ 2.4 አካባቢ ስለነበረ፣ ያተረፈው 50 ነጥብ ገደማ ነው። ዋልሽን መግዛት ያለባችሁ ኢኒንግ ለመሸፈን ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊሆን ይገባል።

ከፋቾቹ ስንት ይሁኑ? በአምስት ሰው ተራ አንዱ 32 ጨዋታ ያህል ይከፍታል፤ በአራት ሰው ተራ 40። የ1971ቱ ባልቲሞር ኦሪዮልስ የአራት ሰው ተራ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያሳያል። ዴቭ ማክናሊ፣ ማይክ ኩዌላር፣ ፓት ዶብሰንና ጂም ፓልመር አራቱም በዚያ ዓመት ሃያና ከዚያ በላይ ድል አስመዘገቡ፤ አራቱ ብቻ ከ1,000 በላይ ኢኒንግ ወረወሩ፤ ቡድኑም 101 ጨዋታ አሸነፈ። የዚያን ዘመን ተጫዋቾች የምትመርጡ ከሆነ አራት ከፋች ይበቃችኋል፤ ለአምስተኛው የምታወጡትን ገንዘብ ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጩ በሚረግጣቸው ማረፊያዎች) መካከል የሚቆም ተከላካይ፣ ግዙበት።

የዛሬውን ዘመን ተጫዋቾች ከመረጣችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2021 በመላው ሜጀር ሊግ 200 ኢኒንግ የሞሉት ፒቸሮች አራት ብቻ ነበሩ። በሠላሳ ቡድን አራት ሰው! ማያሚ ለነበረው ሳንዲ አልካንታራ የ2022 ካርድ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ 228 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ በ2.28 አማካይ። በዘመኑ ሊግ አምስት ከፋች አይበቃም፤ ስድስተኛና ሰባተኛ ያስፈልጋችኋል። ታምፓ ቤይ ሬይስ በሜይ 2018 ተተኪውን ሰርጂዮ ሮሞን ጨዋታ ከፋች አድርጎ ለአንድ ኢኒንግ ብቻ ያቆመበት ዘዴም በሲሙሌሽን ይሠራል። ደካማ ከፋች ካላችሁ የተጋጣሚን ሦስት ምርጥ መቺዎች ሌላ ሰው ይቀበልለት፤ እርሱ ከሁለተኛው ኢኒንግ ጀምሮ ይግባ።

ወደ ኦሪዮልስ ልመለስ፤ የአራቱን ፒቸሮች ድል ስናወራ ከኋላቸው የቆሙትን መርሳት በደል ነው። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ብሩክስ ሮቢንሰን፣ ሾርትስቶፕ ማርክ ቤላንጀር፣ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ዴቪ ጆንሰን፣ መሐል ሜዳ ላይ ፖል ብሌየር ነበሩ። አራቱም በዚያ ዓመት ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት አግኝተዋል። ፓልመር መቺን ሁሉ በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሷን ሳያስመታ፣ የሚያስወጣ ሰው አልነበረም፤ ኳሷ ስትመታ የሚይዝለት ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር። በስትራት-ኦ-ማቲክ ተከላካዮች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1 ከሁሉ የተሻለ፣ 5 ከሁሉ የከፋ። ከፒቸሩ ካርድ ላይ ወደ ተከላካይ ከሚላኩት ዕድሎች የሚበዙት ወደ ሾርትስቶፕና ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚሄዱ ናቸው። ቤላንጀር በመላው የጨዋታ ዘመኑ የመታው በ.228 አማካይ፣ ማለትም ከመቶ ሙከራ 23 ያህሉን ብቻ ነው፤ በዱላው የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ደረጃ 1 ያለው ሾርትስቶፕ በየጨዋታው ከፋቹን፣ ተተኪውንና ዘጊውን በአንድ ላይ የሚያሻሽል ሰው ነው። ለፒቸር ከመደባችሁት በጀት ላይ ቀንሳችሁ ብትገዙት አትጸጸቱም።

ሜዳውም የፒቸሩ ጉዳይ ነው፤ ከ162ቱ ጨዋታ 81ዱን የምትጫወቱት በቤታችሁ ነውና። የኮሎራዶው ኩርስ ፊልድ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ካለችው አዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይህ ከፍታ አይመስልም። ይሁን እንጂ አየሩ ስለሳሳ የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ ፒቸሩ የሚያጥፋት ኳስ ደግሞ እንደ ዝቅተኛው ሀገር አትታጠፍም። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበት ባለው ክፍል ማስቀመጥ ቢጀመርም ሜዳው የመቺዎች ሜዳ እንደሆነ ቀጥሏል። እንዲህ ያለ ሜዳ ከመረጣችሁ ሆም ራን (ከአጥር ውጭ የምትወጣ ምት) የማይመታባቸውን፣ ኳስ መሬት ለመሬት የሚያስመቱ ፒቸሮችን ፈልጉ። በያንኪ ስታዲየም ደግሞ የቀኙ መስመር 314 ጫማ፣ ማለትም 96 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግራ እጅ መቺ ሲደሰትበት የኖረ ሜዳ ነው። ስለዚህ እዚያ ግራ እጅ ፒቸር ዋጋ አለው። ሮን ጊድሪ በ1978 ለያንኪስ 25 አሸንፎ 3 ብቻ ሲሸነፍ፣ አማካዩም 1.74 ሲሆን፣ ግራ እጅ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልግባ። ቮሮስ ማክራከን በ2001 ባሳተመው ጥናቱ ሜዳ ውስጥ የተመታች ኳስ መያዝ አለመያዟ ከምናስበው እጅግ ያነሰ በፒቸሩ ቁጥጥር ሥር እንዳለ አሳየ። ፒቸሩ በእጁ ያሉት ስትራይክአውቱ፣ በተበላሸ ኳስ የሚሰጠው ነፃ ቤዝና ሆም ራኑ ናቸው። ቶም ታንጎ ይህን በቀመር አስቀመጠው፦ ሆም ራኑን በ13፣ ነፃ ቤዙንና በኳስ የተመቱ መቺዎችን በ3 አባዙና ደምሩ፤ ስትራይክአውቱን በ2 አባዝታችሁ ቀንሱ፤ ለኢኒንጉ አካፍሉ፤ ከዚያ ወደ 3.1 የሚጠጋ ቋሚ ቁጥር ጨምሩ። ፔድሮ በ2000 የተመታበት ሆም ራን 17፣ የሰጠው ነፃ ቤዝ 32፣ በኳስ የመታቸው 14፣ ስትራይክአውቱ 284 ነበር። ስትሠሩት 2.1 እና 2.2 መካከል ይመጣል። ይህም ግሩም ነው፤ ግን 1.74 አይደለም። የቀረው ልዩነት በአብዛኛው ዕድልና ተከላካይ ነው።

ታዲያ የትኛውን ቁጥር እንመን? መልሱ ያለው በጨዋታው ዓይነት ላይ ነው። ያለፈን ዓመት በካርድ የሚደግም ጨዋታ ከሆነ የፔድሮ ዕድል ካርዱ ላይ ታትሟል። ያ የዕድል ክፍል በእውነተኛው ሕይወት በሚቀጥለው ዓመት ይጠፋል፤ በካርዱ ላይ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ዕድለኛ ዓመት የነበረውን ፒቸር ያለ ሐሳብ ግዙ። የጀርመኑ ማርኩስ ሃይንሶን በ1999 እንዳወጣው አውት ኦቭ ዘ ፓርክ ቤዝቦል ባለ፣ ተጫዋቹ ከዓመት ዓመት የሚያድግበትና የሚያረጅበት ጨዋታ ከሆነ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። የአማካዩን ቁጥር ተዉት፤ ስትራይክአውቱንና ነፃ ቤዙን ተመልከቱ። አማካዩ 4.60 ሆኖ በእነዚህ የሚያበራ ወጣት ካገኛችሁ፣ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ለምኑት።

ስለ ዘጊዎች ባጭሩ። ዴኒስ ኤከርስሊ በ1990 ለኦክላንድ 73 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ ወርውሮ አማካዩ 0.61፣ የሰጠው ነፃ ቤዝም አራት ብቻ ነበር። ከሊጉ አማካይ ጋር ስታነጻጽሩት ያተረፈው 27 ነጥብ ያህል ነው፤ የፔድሮ ሲሶ። ጥቅሙ ሰዓቱን የምትመርጡለት እናንተ መሆናችሁ ነው። በስምንት ነጥብ እየመራችሁ ካስገባችሁት ግን ያ ጥቅም ይባክናል፤ ቅንብራችሁን በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ልዩነት ብቻ እንዲገባ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ከዘጊ ይልቅ ልቤ የሚሄደው እንደ ማይክ ማርሻል ወዳለ ሰው ነው። በ1974 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ106 ጨዋታ በተተኪነት ገብቶ 208 ኢኒንግ ወረወረ። አንድ እንዲህ ያለ ካርድ የሦስት ሰው ቦታ ይሸፍናል፤ በ26 ሰው ስብስብ ውስጥ ሁለት ባዶ ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

እነዚያን ቦታዎች በምን ትሞሏቸዋላችሁ? በመቺዎች። ቡድናችሁ በዓመት 6,100 ጊዜ ያህል ወደ ዱላ ይወጣል፤ ይህንንም እንደ ኢኒንጉ ደምሩት። ግራ እጅ ፒቸርን ብቻ የሚመታ አንድ ሰውና ቀኝ እጅን ብቻ የሚመታ ሌላ ሰው በአንደኛው ቤዝ ወይም በግራ ሜዳ ብታፈራርቁ፣ በሁለት ርካሽ ሰዎች አንድ ውድ መቺ ታገኛላችሁ። በሾርትስቶፕ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። ሁለተኛ ካቸርም (ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የፒቸሩን ኳስ የሚቀበለውን) አትርሱ፤ በዓመት 162 ጨዋታ የሚቀመጥ ጉልበት የለም።

ምርጫው በተራ የሚካሄድ ከሆነ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። አንደኛ የሚመታና የሚከላከል ሾርትስቶፕ ወይም መሐል ተከላካይ፤ እንዲህ ያሉ ጥቂት ናቸው። ሁለተኛ ከ200 ኢኒንግ በላይ ያለው አንድ ከፋች። ከዚያ ሁሉም ዘጊ ሲሻማ መካከለኞቹን ከፋቾች ተከታትላችሁ ሰብስቡ። ዘጊን መጨረሻ ላይ ፈልጉት፤ በየዓመቱ 60 ኢኒንግ በግሩም ሁኔታ የወረወረ ማንም የማያስታውሰው ሰው ይገኛል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ፍጻሜው ውድድር ነው፤ ምሳሌውም የዚሁ የከተማችን ቡድን ነው። የ2019ኙ ዋሽንግተን ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31 ተሸንፎ ነበር፤ ተተኪ ፒቸሮቹ ከሊጉ ደካሞች መካከል ነበሩ። ከፋቾቹ ግን ስቲቨን ስትራስበርግ 209፣ ፓትሪክ ኮርቢን 202፣ ማክስ ሸርዘር 172፣ አኒባል ሳንቼዝ 166 ኢኒንግ ወረወሩ። አራት ሰዎች ከዓመቱ ኢኒንግ ከግማሽ በላይ ተሸከሙ። ኦክቶበር ሲገባ የዕረፍት ቀን ስለሚበዛ አምስተኛ ከፋች አያስፈልግም፤ አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝም ከፋቾቹን በተተኪነት ጭምር አስገባቸው። ሂውስተን ላይ በተደረገው የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የሻምፒዮናው፣ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ ወረወረ፣ ኮርቢን ተተክቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ አለፈ፣ ዳንኤል ሃድሰን ዘጋው፤ 6 ለ 2። ለዓመቱ ብዙ ፒቸር ያስፈለገው ቡድን የመጨረሻውን ጨዋታ ያሸነፈው በሦስት ሰው ነው።

እናንተም ለዚያ ተዘጋጁ። የፍጻሜው ውድድር ሲጀመር የፒቸሮቹ ኢኒንግ እንደ አዲስ ይቆጠራል ወይስ ከዓመቱ የተረፈው ብቻ ይሠራል? በሊጋችሁ ደንብ ላይ ፈልጉት። የተረፈው ብቻ ከሆነ ከኦገስት ጀምሮ በየሳምንቱ ከሁለቱ ምርጥ ከፋቾቻችሁ ስንት ኢኒንግ እንደቀረ ጻፉ። በምድባችሁ እየመራችሁ ከሆነ በሴፕቴምበር ስድስተኛውን ከፋች አራት አምስት ጊዜ አውጡት፤ ጥቂት ጨዋታ ብትሸነፉ ግድ የለም፣ ሁለቱ ኦክቶበርን እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሠላሳ ኢኒንግ ይዘው ይግቡ።

የቡድን ዝርዝራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ከእናንተ እንጀምር።